ሕግ ሳይማር ሕግ የጻፈው መድፈኛ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ገርጂ የሚወርድ መንገደኛ ቀና ካለ በየሕንፃው «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚል ታፔላ ያነባል። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ግን እንዲህ ያለ ባለሙያ በአገሩ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሙግትማ ሞልቷል፤ በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ በማርና በፈረስ እየተወራረዱ የሚሟገቱ አንደበተ ርቱዓን ነበሩ። ፍትሐ ነገሥቱም ነበር። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው ግን በ1956 ነው።

ስለዚህ ረቂቁ የወደቀው በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ ነው። በ1876 የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ዓድዋን አይተው፣ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንንነት ተምረዋል። «ፋቡላ» የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ጽፈው ሹማምንትን በእንስሳት አስመስለው ተችተዋል። ይህ ልምድ ለሕግ አርቃቂ ከአንቀጽ ጥናት ይልቅ ይበጃል ባይ ነኝ፤ ሥልጣን ሲባልግ ምን እንደሚመስል አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 የታወጀው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች አሉት፤ አርአያውም በአውሮፓውያን 1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። የጃፓኑ አርቃቂ ኢቶ ሂሮቡሚ ግን በርሊንና ቪየና ድረስ ሄዶ በሕግ ሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጦ ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በምክር ቤቶቹ ላይ ነው። ጃፓን ለታችኛው ምክር ቤት ግብር ከፋዮች የሚመርጡትን እንደራሴ ፈቀደች። በእኛ 31ኛ አንቀጽ የላይኛው ምክር ቤት አባላት መሳፍንት፣ ሚኒስትሮች፣ ዳኞች ወይም የጦር አለቆች ሆነው ካገለገሉ መኳንንት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። ከችሎት ወደ ሕግ አውጪነት የሚወስደው በር፣ እነሆ፣ በሹመት የሚከፈት ነው። 32ኛው ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ የታችኛውን ምክር ቤት አባላት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ለጊዜው እንዲመርጡ ይላል። እስኪችል? መቻሉን ማን ይመሰክራል? ጠበቃ ቢያነበው መጀመሪያ የሚይዘው ይህን ነበር። «ለጊዜው» የጠላት ወረራ መሐል ገብቶበት እስከ 1948ቱ ማሻሻያ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ።

ለዚህ ጉድለት ተክለ ሐዋርያትን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ረቂቁ የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ያልፍ ዘንድ አልተጻፈም። ሕግ አለመማራቸው የከዳቸው ግን በዘውዱ ዘንድ ሳይሆን በጄኔቭ ይመስለኛል። ከኢጣሊያ ጋር ከተደረገው የወልወል ግጭት በኋላ የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ ሙግቱ ሕግ ለሚያውቅ የሚተው ሆነ። በ1927 ማብቂያ ኢትዮጵያን ወክሎ ክርክሩን ያቀረበው ፈረንሳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዜዝ ነበር። የኢጣሊያ ልዑካንም እሱ መናገር ሲጀምር ረግጠው ወጡ።