የዕንቁ ዱቄትና «ፊት የሚያጠራ» ክሬም፦ ስለ አንድ የመዋቢያ ስም የቀረበ ሂስ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያም ሆነ በአብነት ሠፈር፣ ለፊት ቆዳ የሚሸጡ ክሬሞችን መደርደሪያ ቆም ብሎ የሚመለከት የጤና ባለሙያ ብዙ የሚያሳስበው ነገር ያገኛል። ከዚያ ሁሉ ሣጥንና ብልቃጥ መካከል «ፐርል» ወይም ዕንቁ የሚለውን ስም የያዙትን መርጠን በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙ ያማረ ነው፤ ታሪክ አለው፤ ጉዳት የሚያስከትልም አይመስልም። ሂሳችን አንድን አምራች ወይም አንድን ነጋዴ ነጥሎ ለመክሰስ የታሰበ ሳይሆን ይህ ስም በማሸጊያው ላይ ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ከጀርባውስ ምን ሊሸፍን እንደሚችል ለመጠየቅ ነው።

በመጀመሪያ ዕንቁ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ያለውን ቦታ በትክክል ማወቅ ይገባል። ዕንቁ በዚያ ሕክምና በዋነኛነት የመዋቢያ ዕቃ አይደለም። በሥራ ላይ ያለው የቻይና ፋርማኮፒያ ከመድኃኒቶቹ ተርታ መዝግቦታል፤ የሚሰጠውም በቅድሚያ ልብን ለማረጋጋት፣ ለድንጋጤና ለእንቅልፍ እጦት፣ ለሚጥል ሕመም፣ ለዓይን ሞራ፣ አልሽር ላለ ቁስል ነው። የቆዳ ማለስለስና የፊት ነጠብጣብ ማስወገድ የሚመጣው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው። በአፍ የሚወሰደው መጠን ከ0.1 እስከ 0.3 ግራም ብቻ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በክኒን ወይም በዱቄት መልክ ይዘጋጃል። ሊ ሺዠን በ1578 (እ.ኤ.አ.) ጽፎ የፈጸመው ታላቁ የመድኃኒት መዝገብ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሊቃውንት ቃል አሰባስቦ ሲያቀርብ፣ ዕንቁ ፊት ላይ ቢቀባ ወዝና መልካም ገጽታ ይሰጣል፣ የፊትንም ጥቁር ነጠብጣብ ያስወግዳል የሚል ሐሳብ ይገኝበታል። የሰውን የቆዳ ቀለም ለውጦ ነጭ ያደርጋል የሚል ግን የለበትም። ጥንታዊው መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ወዝ ነው፤ የዛሬው ማሸጊያ የሚናገረው ስለ ንጣት ነው። የጥንቱን መጽሐፍ ለምስክርነት የሚጠራ ሻጭ መጽሐፉ ያላለውን አስብሎታል።

ወደ ኬሚስትሪው ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዕንቁ ከ90 በመቶ በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የቀረው ኮንኪዮሊን የሚባል ፕሮቲን፣ ውኃና እጅግ ጥቂት ሌሎች ማዕድናት ናቸው። የኖራ ድንጋይም የእንቁላል ቅርፊትም የተሠሩት ከዚሁ ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የጨጓራ አሲድ ለመቀነስ በየመድኃኒት ቤቱ ከሚሸጡት ክኒኖች መካከልም ይኸው ያለባቸው አሉ። ከካልሲየም ካርቦኔት ክብደት 40 በመቶው ካልሲየም ስለሆነ፣ ከላይ የተጠቀሰው ከፍተኛ መጠን እንኳ ለሰውነት የሚያቀርበው ካልሲየም ከ120 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ከአንድ ብርጭቆ ወተት እጅግ ያነሰ ነው። ቆዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ በውኃ የማይሟሟ የድንጋይ ብናኝ ነው። የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ ሜላኒን ወደሚሠሩት ሕዋሳት አይደርስም። ብርሃንን ስለሚበትን እንደ ማንኛውም የፊት ዱቄት ለጥቂት ሰዓታት ገጽታን ሊያፈካ ይችላል፤ ሲታጠቡት አብሮ ይሄዳል።

ይህን ስንል ስለ ዕንቁ የተደረገ ቁም ነገር ያለው ምርምር የለም ማለታችን አይደለም። በፈረንሳይ ኤቭሊን ሎፔዝና ባልደረቦቿ በ1992 (እ.ኤ.አ.) የዕንቁ እናት የሚባለው የዛጎል ውስጠኛ ሽፋን በቤተ ሙከራ የአጥንት ሕዋሳትን ለሥራ እንደሚያነሣሣ አሳይተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ፕሮቲኑ በሕዋሳትና በእንስሳት ላይ ተሞክሯል። ይሁን እንጂ በብልቃጥ ውስጥ ካለ የአጥንት ሕዋስ ተነሥቶ በአብነት ከምትኖር ሴት ጉንጭ ላይ ስላለው ማድያት መደምደሚያ መስጠት ሳይንስ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ በእኛ በባለሙያዎች ዘንድ የሚሰማው ሌላው ጽንፍም ሂስ ይገባዋል። «የቻይና ነገር» ብሎ በአንድ ቃል ማጣጣል ስንፍና ነው። ሀገራችን በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት አድርጋ የተቀበለችው አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ከዚያው ባህል የተገኘ ነው። ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት ሥራ መነሻው የአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው የጌ ሆንግ የሕክምና መጽሐፍ ነበር። ነገር ግን ተክሉ ከመጽሐፍ ወደ ክሊኒክ የመጣው በስሙ ክብር ሳይሆን ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው። የዕንቁ ዱቄት ቆዳን ያነጣል የሚለው አባባል በዚህ መንገድ አላለፈም።

እንግዲህ ዱቄቱ ይህን ያህል አቅመ ቢስ ከሆነ ክሬሙ ለምን ይሠራል? ገዢዎቹ እኮ ፊታቸው በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደተለወጠ ይመሰክራሉ። ምስክርነታቸውን የምንጠራጠርበት ምክንያት የለንም፤ የሚያስፈራውም እውነት መሆኑ ነው። ዕንቁ ሊያደርገው የማይችለውን ያደረገ ሌላ ነገር በብልቃጡ ውስጥ አለ ማለት ነውና።

ከሚጠረጠሩት የመጀመሪያው ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ሜላኒን የሚሠራበትን የታይሮሲኔዝ ኢንዛይም ስለሚያግድ በእርግጥም ያነጣል። በቆዳ በኩል ዘልቆ ግን ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። ለዚህ ከሩቅ ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ በናይሮቢ ኔፍሮቲክ ሲንድሮም በነበረባቸው 60 አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ1972 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ጥናት፣ 32ቱ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማንጫ ክሬም ተጠቃሚዎች ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ክሬሙ ግን አላለፈም። በ2019 መጨረሻ የፓኪስታን መንግሥት ካስመረመራቸው 59 የቆዳ ማንጫ ክሬሞች ውስጥ በ56ቱ የተገኘው ሜርኩሪ በኪሎግራም 1 ሚሊግራም ከሚለው ወሰን በላይ ነበር። የሚናማታ ስምምነት ከዚህ ወሰን በላይ የሆኑትን መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና ድንበር ተሻግረው እንዳይነግዱ ያገደ ሲሆን፣ አባል ሀገራቱ በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ወሰኑን ራሱን አንሥተው ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወስነዋል። በወረቀት ላይ ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል።

ማሸጊያው ሜርኩሪ የሚለውን ቃል ላይጽፍ ይችላል። ካሎሜል፣ ሜርኩረስ ክሎራይድ፣ አሞኒየትድ ሜርኩሪ የሚሉ ስሞች ግን አንድ ናቸው። ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ደግሞ መጠርጠር ይገባል፤ ሜርኩሪ እነዚህን ብረቶች ያበላሻልና። በዕንቁ ስም የተሸጠ ነገር ከወርቅ ጋር መቀመጥ ካልቻለ ስሙን የሚያጋልጠው ራሱ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ለሁላችንም የቅርብ ሰው ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣሉ፤ በሌላ ክሬም ውስጥም ተደባልቀው ይቀርባሉ። የሳሳ ቆዳ፣ ብጉር፣ በጉንጭ ላይ የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች፣ መልኩ ጠፍቶ የተስፋፋ ጭርት በቆዳ ክሊኒኮቻችን የዘወትር እንግዶች ናቸው። ሀይድሮኪኖንም በባለሙያ ክትትል ለማድያት የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ለዓመታት በዘፈቀደ ሲቀባ ተመልሶ ቆዳውን ያጠቁረዋል።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ማለት የግድ ነው፤ በእኛ እምነት የችግሩ ትልቁ ክፍል ያለው በዚህ ነውና። በአማርኛ እነዚህ ክሬሞች «ያነጣሉ» ተብለው እምብዛም አይጠሩም፤ «ያጠራሉ» ነው የሚባለው። «ፊት ማጥራት» ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው። ብጉርንና ማድያትን አስወግዶ የሰውየውን የገዛ መልክ መመለስም ማጥራት ነው፤ ጠይሙን ቀይ ማድረግም ማጥራት ነው። ገዢዋ የመጀመሪያውን ፈልጋ ትሄዳለች፤ የምትገዛው ሁለተኛውን ነው። ዕንቁ የሚለው ስም ለዚህ ድብልቅልቅ እጅግ ይመቻል። በግዕዝ «ባሕርይ» ዕንቁም ነው፣ ተፈጥሮም ነው፤ በክብረ ነገሥት ከአዳም ጀምሮ እስከ እመቤታችን ድረስ በትውልድ የሚተላለፈው የንጽሕና ምልክት ዕንቁ ነው። በልደታ ማርያም አጥቢያ ላደገ ሰው ይህ ቃል ከማስታወቂያ በፊት የተሰማ፣ የተከበረ ቃል ነው። አምራቹ ይህን ሁሉ ያውቃል ለማለት አንደፍርም፤ ስሙ ግን ሳያውቀውም ያገለግለዋል።

የአሠራር ክፍተትም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መዋቢያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ይሁንና መዋቢያ የሚመዘነው በደኅንነቱ እንጂ እንደ መድኃኒት በፈዋሽነቱ አይደለም። ስለዚህ «ማድያት ያጠፋል» የሚል ክሬም የመድኃኒት ተስፋ እየሰጠ በመዋቢያ በር ይገባል። ብዙው ደግሞ በየትኛውም በር ሳይሆን በሻንጣ ይገባል። ሁሉንም ብልቃጥ ወደ ቤተ ሙከራ መላክ የማይቻል በመሆኑ የመጀመሪያው ምርመራ የሚካሄደው በእኛው የምርመራ ክፍል ነው።

እዚያም ቢሆን ጥያቄው ቃሉን ካልተጠነቀቀ መልስ አያገኝም። እግሯ ያበጠና ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የተገኘባትን ሴት «ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ይጠቀማሉ?» ብለን ብንጠይቃት «ኧረ አልጠቀምም» ትለናለች፤ እውነቷን ነው፣ የምትጠቀመው የሚያጠራ ነውና። «ፊትዎን ጧትና ማታ ምን ይቀቡታል? ብልቃጡን ቢያመጡልኝ» ማለት ይሻላል። መጥፎ ሥራ እንደ ሠራች አድርጎ መገሠጽ ብልቃጡ ከቤት እንዳይወጣ ያደርጋል። ማድያቷ እውነተኛ ሕመም ነው፤ ባሕር ወለልን በ2300 ሜትርና ከዚያም በላይ በሚበልጥ ከተማ ፀሐዩ ቀላል አይደለም፤ ከፀሐይ መከላከያ የሚጀምር ተገቢ ሕክምና ካላገኘች ወደ መደርደሪያው ተመልሳ ትሄዳለች። ጠንካራ ስቴሮይድ ለወራት የተቀባችውን ደግሞ በአንድ ቀን «ጣይው» ማለት ፊቷን በእሳት እንደመለብለብ ነው፤ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሜርኩሪ ከተጠረጠረ ጥያቄው በእሷ ብቻ አይቆምም። በ2010 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ ግዛቶች፣ ከሜክሲኮ የመጣ ክሬም በሚጠቀሙ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ምርመራ ክሬሙን ፈጽሞ ያልተቀቡ የቤተሰቡ አባላትም፣ ሕፃናት ጭምር፣ በሽንታቸው ከፍ ያለ ሜርኩሪ ተገኝቶባቸዋል። ፎጣው፣ የትራስ ልብሱ፣ የእናቲቱ እጅ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ በቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ የምታጠባ እንደሆነች፣ ሕፃኑ ከማን ጋር እንደሚተኛ መጠየቅ፣ የቤተሰቡም ሽንት እንዲመረመር ማድረግ ያስፈልጋል። ብልቃጡ ተከድኖ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ከቆሻሻ ጋር ሳይጣልና ሳይቃጠል ለምርመራ ይቆይ።