«በረዶ» ስንት ነገር ይሸከማል?

ስለ ኪሊማንጃሮ በተተረጐሙ ጽሑፎች ውስጥ ከሰማይ የሚወርደውም፣ በአናቱ ተጋግሮ የሚኖረውም በአንድ «በረዶ» ሲጠራ እናያለን። ጉዳቱ የአገላለጽ ውበት ማጣት ብቻ አይደለም። ከ1912 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የተራራው ግግር ስፋት 85 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የአየሩ መድረቅ ነው። አዲስ የሚጥለው ነጭ ሽፋን የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስ፣ እርሱ ሲያንስ ግግሩ ይሳሳል። ይህ ሲተረጐም «በረዶው በበረዶ ማነስ ቀነሰ» ይሆናል። ምክንያትና ውጤት አንድ ስም ይዘው ሐሳቡ ይጠፋል።

ዮሐንስ ሬብማን በ1848 እ.ኤ.አ. ተራራውን ሲያይ፣ መሪው ነጩን ነገር «በሬዲ» ማለትም «ብርድ» ብሎ ጠራው። ከዐረብኛ የመጣው ይህ ቃል ከግዕዙ «በረድ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ለመንገደኛ ይበቃል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን አይበቃም።

በነጐድጓድ ደመና ውስጥ ጠጥሮ ሰብል ለሚመታው «በረዶ»፣ ተን ሳይፈስ በቀጥታ ረግቶ ለሚወርደው ለስላሳ ብናኝ «አመዳይ»፣ ተከማችቶ ለጠነከረው «ግግር» ቢባል ይሻላል። «አመዳይ መሬት ላይ የሚያድር እንጂ የሚወርድ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ለዚያኛው ግን «ውርጭ» አለን። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም አንዱን የዕብራይስጥ ቃል በኢሳይያስ «አመዳይ»፣ በመዝሙረ ዳዊት «በረዶ» ብሎታል። ስለዚህ ቃሉ በእጃችን አለ፤ የጐደለው ወጥነት ነው።