ሚዛኑ ዘንድ የቆመው ሰው

ስለ ደቡብ ዌልስ የከሰል ቆፋሪዎች ፌዴሬሽን የሚጻፈው ታሪክ ቶኒፓንዲ ከተማ ላይ ሲደርስ እግሩ ይታሰራል። የ1910ሩ ብጥብጥ፣ የተሰባበረው የሱቅ መስታወት፣ ቸርችል የላከው ጦር (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድንጋይ የተወረወረበት ሌሊት ይህን ያህል ሲተረክ፣ ማኅበሩን ማኅበር ያደረገው የዕለት ሥራ መዘንጋቱ ያሳዝነኛል። ያ ሥራ የሚጀምረው ከሚዛን ነው።

ከሰል የሚቆፍረው ሰው የሚከፈለው በቶን ነበር። የሞላው ጋሪ የእሱን ምልክት ይዞ ይወጣል፤ የኩባንያው መዛኝ ክብደቱን ይመዘግባል። ቆፋሪው በዚያ ሰዓት ከመሬት በታች በጨለማ ውስጥ ነው፤ የገዛ ላቡ ሲመዘን አያይም። ድንጋይ ተቀላቅሏል ተብሎ ይቀነስበታል። ደቃቁ ከሰል ደግሞ ተነፍቶ ከክፍያው ይወጣል፤ ኩባንያው ግን ደቃቁንም ይሸጠዋል። ደቃቁን የሚለየውን መሣሪያ ቆፋሪዎቹ «ቢሊ ፌርፕሌይ» ይሉት ነበር፤ ሐቀኛው ቢሊ እንደ ማለት ነው። በዚህ ስም ውስጥ ያለው ምሬት ብዙ የአድማ መግለጫ ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ የራሳቸውን ሰው ሚዛኑ ዘንድ አቆሙ። የ1860ው ሕግ ፈቀደላቸው፤ የ1887ቱ አጠናከረው። የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ ደመወዙንም ከየገቢያቸው አዋጥተው ይከፍላሉ። የማዕድኑ ባለቤት እንዳሻው ሊያባርረው አይችልም። በከሰል ቆፋሪዎቹ ሸለቆ ውስጥ አለቃን ፊት ለፊት ተናግሮ በማግሥቱ እንጀራውን የማያጣ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ቁጥር ያውቃል፣ ሕግ ያነባል፣ የእያንዳንዱን ሰው ገቢ ያውቃል። የማርዲን ጉድጓድ ብቻ እንይ፦ ኖዋ አብሌት እዚያ የሠራተኞች መዛኝ ነበር። አርተር ሆርነርም በ1919፣ አልዘምትም ብሎ እስር ቤት ሳለ፣ በሌለበት ለዚያው ቦታ ተመረጠ።

ቶኒፓንዲም ከሚዛኑ ሲታይ ሌላ መልክ አለው። የጠቡ መነሻ አስቸጋሪ የከሰል ንጣፍ ነበር፤ ኩባንያው ለቶን 1 ሺሊንግ ከ9 ፔንስ ሲሰጥ ሠራተኞቹ 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ጠየቁ። ወደ 12,000 ሰው ሥራ ያቆመው በዚህ ልዩነት የተነሳ ነው።

በ1912 የወጣውና አብሌት ዋነኛ እጅ ያለበት «የቆፋሪዎቹ ቀጣይ እርምጃ» የተባለው ጽሑፍ የአብዮት ትንቢት ተደርጎ ከልክ በላይ ይወደሳል። እኔ የማነበው እንደ መዛኝ ጽሑፍ ነው። መሪን አለማመኑ፣ ሥልጣን በአባላት እጅ ይቆይ ማለቱ፣ ሰውህን ራስህ አቁም፣ ራስህም ተከታተለው ከሚለው የጉድጓድ አፍ ልማድ የተቀዳ ይመስለኛል። ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል፤ ሚዛን ላይ ያልወጣ ድካም አይታየውም። ከጉድጓድ ለሚመለሱ ባልና ልጆች ውሃ ስታሞቅ፣ ከሰል የጠገበ ልብስ ስታጥብ የምትውለው ሴት በገጾቹ ውስጥ የለችም ማለት ይቻላል። ይህ ትንሽ ግድፈት አይደለም፤ ግማሹን የሸለቆ ሕዝብ መርሳት ነው።

ፌዴሬሽኑ ራሱም መርሁን ከድቷል። «ትንሿ ሞስኮ» የተባለችው የማርዲ ቅርንጫፍ ከኮሙኒስቱ ሆርነር ጎን ስለቆመች በ1930 ከማኅበሩ ተባረረች። ለአባላት ሥልጣን የሚሟገት ማኅበር አባላቱ ያልተፈለገውን ሰው ሲመርጡ በሩን ዘጋባቸው፤ ለዚህ ማስተባበያ የሚያቀርቡ የታሪክ ጸሐፊዎችን መቀበል አልቻልኩም። በ1936 ያው ሆርነር የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1984 የተጀመረው ታላቁ የከሰል ቆፋሪዎች አድማ ሲመጣ በቶን መክፈል ቀርቶ ነበር፤ መዛኙም የለም። በማርዲ ግን ዓመቱን ሙሉ አድማውን የሰበረ አንድም ሰው አልተገኘም። ማርች 5 ቀን 1985 ተሸንፈው ሲመለሱ ባንድ እየመራቸው፣ ሰንደቃቸውን ይዘው ገና ሳይነጋ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። በሰልፉ ውስጥ ያን ዓመት ምግብ ሲያሰባስቡና ሲያከፋፍሉ የከረሙ ሴቶች ነበሩ።