ወንበዴው አይቀልድ

አንድ ወጣት የፊልም ደራሲ ስለ ሁለት ፖሊሶች የጻፈውን ስክሪፕት ለዚህ ጸሐፊ ሰጥቶ፣ «ከስንት ገጽ ድብድብ በኋላ ቀልድ ላስገባ?» ሲል ጠየቀው። የስክሪፕቱ ችግር ግን የገጽ ቁጥር አልነበረም። ወንበዴው ራሱ ተረበኛ ነው፤ ሽጉጥ መዝዞ ይቀልዳል።

እሱ ከቀለደ ማን ይፈራል? ካልተፈራ ደግሞ የሁለቱ ፖሊሶች ንትርክ ቡና ላይ የሚሰማ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ዋልተር ሂል በ1982 እ.ኤ.አ. የሠራው «ፎርቲ ኤይት አወርስ» ለዚህ ምስክር ነው። ኤዲ መርፊ በመጀመሪያ ፊልሙ ለ48 ሰዓት ከእስር የወጣ እስረኛ ሆኖ፣ የሰው የፖሊስ መታወቂያ ይዞ፣ ጥቁር በማይወደድበት መጠጥ ቤት ውስጥ ትእዛዝ ይሰጣል። ተመልካቹ የሚስቀው፣ አንድ ቃል ቢስት ምን እንደሚደርስበት ስለሚያውቅ ነው። የሚታደነው ወንበዴ ጋንዝ ግን ፖሊስ የገደለ ሰው ነው፤ ሰውን ለማሳቅ አልተጻፈም።

«ቤቨርሊ ሂልስ ኮፕ»ም (1984) ከዚሁ ወገን ነው። ከመርፊ በፊት ሚናው ለሲልቬስተር ስታሎን ተሰጥቶ ነበር፤ እሱ ታሪኩን ወደ ጥብቅ አክሽን ሲወስደው ከፊልሙ ተለየ። በመርፊ ሳቁ ገባ፤ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው የጓደኛው ግድያ ግን መራራነቱን አላጣም።

ሳቅና ድብድብ ተራ በተራ ይምጡ የሚሉ ባልደረቦች «ራሽ አወር»ን (1998) ይጠቅሳሉ። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። እዚያ ጃኪ ቻን እየተደባደበ ውድ የቻይና የአበባ ማስቀመጫዎች ወድቀው እንዳይሰበሩ ይቀልባል። በአንድ እጁ ይመታል፣ በሌላው ይይዛል፤ ቀልዱ ከድብድቡ ተነጥሎ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም።

ይህን ትዕይንት ጸሐፊው መጀመሪያ ያየው በሰፈር ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማ እምብዛም አልነበረም፤ ሳቁ ግን ቦታውን አይስትም ነበር። አክተሩ ሲጨንቀው ቤቱ ይስቃል፣ ሲያመልጥ ያጨበጭባል። ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ በጻፈ ቁጥር በዓይኑ የሚመጡት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋው ሳይገባቸው ጭንቀቱ የገባቸው።

ለወጣቱም የሰጠው የቤት ሥራ ይኸው ነው፦ የወንበዴውን ቀልድ በሙሉ ይሰርዝ፤ የአበባ ማስቀመጫዎቹን ትዕይንት ድምፁን አጥፍቶ ሦስት ጊዜ ይየው፤ ከዚያ ስክሪፕቱን ከገጽ 1 እንደገና ይጀምር።