«ክራምብስ»ን ደግሞ ስለ ማየት

የስፔን ተወላጁ ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ምድር በአማርኛ ያዘጋጀውን «ክራምብስ» የተባለ የወደፊት ዘመን ፊልም (2015 እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሳይ ስቄበት ከዐሥር አምስት ሰጥቼው ነበር። ከጥፋት በኋላ በቀረው ዓለም ነጋዴው ለፕላስቲክ መጫወቻ ታሪክ እየፈጠረ እንደ ጥንት ቅርስ ዋጋ ይተምንለታል፤ ሰላም ተስፋዬም ለማይክል ጆርዳን ትጸልያለች። ዘንድሮ አዴት ሆኜ ስደግመው ግን ሳቄ ቀረ። ክታብ ባንገቱ ታስሮለት ያደገ፣ ውስጡንም ከቶ ፈትቶ ያላየ ሰው በማን ላይ ይስቃል? ይህን ጥያቄ ስላስነሣብኝ ስምንት ይገባዋል። ሁለቱን የነፈግሁት፣ አዘጋጁ በዳሎል መልክዓ ምድር ተማርኮ ለሰዎቹ የመነጋገሪያ ጊዜ ስላሳጠረባቸው ነው። ዳንኤል ታደሰ ሰላይ ሆኖ የሚሠራበት የ2019 ፊልሙ ድምፁ በእንግሊዝኛ የተተካ ነው፤ ጨዋታው ቢበዛም ያ ጥያቄ የለበትም። ጓደኞቼ ከፊተኛው ያስበልጡታል፤ እኔ ከአምስት አላልፍም።