ስለ «ፎርጅድ» የሚባለው ቃል

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ የግቢዬን በር የሚያስር ሽቦ ለመጠምዘዝ ፒንሳ አስፈልጎኝ ወደ መርካቶ ወጣሁ። ከምናለሽ ተራ አጠገብ ሸራ ዘርግቶ የእጅ መሣሪያ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሁለት ፒንሳ አነሣሁ፤ አንደኛው ቀይ እጀታ ያለው ቀላል፥ ሁለተኛው ጥቁርና ከበድ ያለ ነበረ። በጥቁሩ ላይ በእንግሊዝኛ «ድሮፕ ፎርጅድ ስቲል» የሚል ተቀርጾበታል። አጠገቤ የቆመ፥ ደብተር በብብቱ የያዘ ልጅ ጽሕፈቱን አነበበና በትሕትና፥ «አባባ፥ ይህን አይግዙ፤ ፎርጅድ ነው፤ ራሱ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ሻጩም ደነገጠ፤ «እኔ ፈረንጅኛ አላነብም፤ እንዳመጡልኝ ነው የምሸጠው» ብሎ ማለ።

እንግሊዝኛ በማስተማር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁና እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ልጁ ንባቡን አልሳተም፤ ፍቺውን ግን ገለበጠው። «ፎርጅድ ስቲል» ማለት በእሳት ግሎ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ብረት ማለት ነው። ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ሲፈስ በሆዱ የአየር ቀዳዳ ሊቀርበት ይችላል፤ ሲቀጠቀጥ ግን ቀዳዳው ይደፈናል፥ የውስጡም ጅማት የዕቃውን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል፤ ስለዚህ ጨብጠው ቢጠመዝዙት ቶሎ አይሰበርም። «ድሮፕ» የተባለውም መዶሻው ከላይ እየወደቀ ስለሚመታው ነው። ይህን ስል በቅርጽ የፈሰሰውን መናቄ አይደለም፤ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል በጋፋት ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ ነገር ግን ፒንሳ መድፍ አይደለም። እንግዲህ ፋብሪካው ያን ጽሕፈት የቀረጸው ሊመካበት ነው እንጂ ኃጢአቱን ሊናዘዝ አይደለም። በርግጥ ይህንኑ ጽሕፈት በውሸት የሚቀርጽ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ «ፎርጅድ» የሚለው ራሱ ፎርጅድ ሆነ ማለት ነው!

ቃሉ ከየት እንደ መጣ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። በላቲን ቋንቋ የእጅ ሠራተኛው፥ ይልቁንም አንጥረኛው፥ «ፋበር» ይባል ነበር፤ የሚሠራበትም ቤት «ፋብሪካ» ይባል ነበር። ፈረንሳዮች ይህን ቃል በአፋቸው እያሻሹ «ፎርዥ» አደረጉት፤ እንግሊዞችም ከእነርሱ ወስደው «ፎርጅ» አሉት፤ ወናፍና መስፍ ያለበት የብረት ሠሪ ቤት ማለት ነው። ጣልያኖች ግን «ፋብሪካ» እንዳሉ ቀሩ፤ እኛም ዛሬ «ፋብሪካ» እንላለን። እንግዲህ አስተውሉ፤ ነጋዴው «ይህኛው ከፋብሪካ የወጣ ነው፥ ያኛው ፎርጅድ ነው» ሲል የሚያጣላው የአንዲት እናት ልጆችን ነው።

ታዲያ የአንጥረኛ ቤት እንዴት የአጭበርባሪ ቤት ሆነ? ብረትን ቅርጽ የሚያስይዝ እጅ ማኅተምንም፥ ገንዘብንም፥ የሰውንም ፊርማ አስመስሎ ቅርጽ ሊያስይዝ ይችላልና፥ እንግሊዞች ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቃሉን ለዚህም ነገር አዋሉት። ሆኖም የመጀመሪያውን ትርጕም አልጣሉም። ሰይፍ ፎርጅ ተደረገ ቢሉ የአንጥረኛ ሥራ ነው፤ ወዳጅነት ፎርጅ ተደረገ ቢሉ በብዙ ድካም የተመሠረተ ወዳጅነት ነው፤ ፊርማ ፎርጅ ተደረገ ቢሉ ግን ሌብነት ነው። ፍርዱን የሚሰጠው ተከትሎት የሚመጣው ስም ነው። የእኛም ቋንቋ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ «የፈጠራ ሥራ» ብንል ሙገሳ ነው፥ «የፈጠራ ወሬ» ብንል ግን ውሸት ነው፤ ይህን ለይቶ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። «ፎርጅድ» ወደ እኛ ሲገባ ግን ከሦስቱ ፊቱ አንዱን ብቻ፥ ያውም ክፉውን፥ ይዞ ገባ።

ቃል መዋስ ነውር ነው አልልም። መርካቶ ራሱ የውሰት ስም ነው፤ ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም አገራችንን ይዞ በነበረበት ዘመን ገበያውን ከአራዳ፥ ከጊዮርጊስ አጠገብ፥ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር የመጣ ቃል ሲሆን ትርጕሙ «ገበያ» ነው። ስለዚህ «መርካቶ ገበያ» የሚል ሰው «ገበያ ገበያ» ማለቱ ነው። ይህ ማንንም አልጎዳም።

«ፎርጅድ» ግን ይጎዳል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፥ ስሙን አልጠራም፥ ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ፥ «ጋሼ፥ ሥራ ላገኝ ነበር፥ ዲግሪ ጠየቁኝ፤ ስለዚህ ፎርጅድ ላሠራ ነው» አለኝ። ኮት ለማሰፋት የሚሄድ ሰው እንኳ ከዚህ ይበልጥ ይጨነቃል። እኔም አልተቆጣሁትም፤ «ይህንኑ ነገር በአማርኛ ድገምልኝ» አልሁት። «ሐሰተኛ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ሲኒውን ይዞ አንገቱን አቀረቀረ፤ ቡናው ቀዘቀዘበት። የወንጀል ሕጋችን በ1996 ዓ.ም ሲወጣ ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጀውን ብቻ ሳይሆን የሚገለገልበትንም እንደሚቀጣ ነገርሁት፤ ነገር ግን ያስደነገጠው ሕጉ አልነበረም፤ የገዛ አፉ ነበር። ሐሳቡን እንደ ተወ ቃል አልገባልኝም፤ እስከ ዛሬም አላነሣውም።

በሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሲሸጥም እንዲሁ ነው። «ፎርጅድ ነው፥ ግን ዋጋው ቀላል ነው» ሲባል ገዢው ይሥቃል፥ ሻጩም ይሥቃል። «ይህ የፍሬን ሸራ ውሸት ነው፥ ልሽጥልህ?» ቢባል ማን ይሥቃል? ከእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርደው ተሳፋሪ ግን በዚያ ሣቅ ጊዜ አልነበረም።

ሌላም ጉዳት አለ፤ እርሱን ያየሁት ያን ዕለት ጥቁሩን ፒንሳ ገዝቼ ስመለስ ነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ሥር ሳለው ስድብ አደረግነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። እኛ ዛሬ ያንኑ ስድብ በእንግሊዝኛ መለስነው።

በምናለሽ ተራ አንድ ሽማግሌ የአሮጌ በርሜል ክዳን እየቀጠቀጡ ምጣድ ያወጡ ነበር። ፒንሳዬን አይተው ተቀበሉኝ፥ በእጃቸው መዘኑት፥ በመዶሻቸው እጀታ መታ አድርገው ድምፁን አዳመጡ። «ደኅና ዕቃ ነው፤ ምን ይላል ጽሕፈቱ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት ይላል» አልኋቸው።

«ለዚህም መጻፍ አስፈለገ?» ብለው መለሱልኝና ወደ ምጣዳቸው ዞሩ።