መንደሩ የት ያበቃል? ስለ ገጠር አፍሪካ የኤች አይ ቪና የአባላዘር በሽታዎች ምርምር የቀረበ ሂስ

ስለ አፍሪካ የአባላዘር በሽታዎችና ስለ ኤች አይ ቪ በሚቀርቡ ጥናቶች ውስጥ «የገጠር ማኅበረሰብ» የሚለውን ሐረግ ያህል በብዛት የሚጻፍ፣ ያንኑም ያህል ሳይመረመር የሚታለፍ ሐረግ ያለ አይመስለንም። ተመራማሪው ወረዳ ይመርጣል፤ መንደሮችን ይቆጥራል፤ ከነዋሪው ደም ይወስዳል፤ ከዚያም ስለ መንደሩ ይጽፋል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው የመንደሩ በሽታ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከመንደሩ ውጭ፣ እንጀራ ፍለጋ በሚያስኬደው መንገድ ላይ እንደሚገኝ ነው። መንገዱን ከጥያቄው ያወጣ ጥናት ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል። ለዚህም ጆሃንስበርግን መመልከቻ አድርገናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆሃንስበርግን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማይቱ በ1886 ወርቅ ተገኝቶ ስትቆረቆር ማዕድኑ የፈለገው ወንዶችን እንጂ ቤተ ሰቦችን አልነበረም። ከናታልና ከትራንስካይ፣ ከባሱቶላንድ (ከዛሬዋ ሌሶቶ)፣ ከሞዛምቢክና ከኒያሳላንድ (ከዛሬዋ ማላዊ) በውል እየተቀጠሩ የመጡ ሠራተኞች በአጥር በተከለሉ የወንዶች ማደሪያዎች ይኖሩ ነበር፤ ውላቸው ሲያበቃ ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። ሚስት፣ ልጅና አረጋዊ ከመንደር እንዳይወጡ ያደረገው የይለፍ ወረቀት ሕግ ለባለ ማዕድኖቹ ደመወዝን ዝቅ አድርጎ ለመክፈል አመቻቸው፤ ልጅ የማሳደጉን፣ ሕመምተኛ የማስታመሙንና ሽማግሌ የመጦሩን ወጪ የተሸከመው መንደሩ ነበርና። እንግዲህ ቢያንስ በደቡባዊ አፍሪካ «ገጠር» የሚባለው ከከተማው ተለይቶ የቆመ ዓለም ሳይሆን የማዕድኑ ሌላኛው ግማሽ ነው።

ይህን ግንኙነት በሕክምና ጽሑፍ ካብራሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ በጆሃንስበርግ ተወልደው በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዶክተር ሲድኒ ካርክ ናቸው። ከባለቤታቸው ከዶክተር ኤሚሊ ካርክ ጋር በ1940 በናታል ገጠር በፖሌላ ጤና ጣቢያ አቋቁመው ሲሠሩ ቂጥኝ በአፍሪካውያኑ ዘንድ ለምን እንደ ተስፋፋ ጠየቁ። በ1949 በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ መልሱን የፈለጉት በሕዝቡ «ልማድ» ውስጥ አልነበረም። ወንዱን ከቤቱ ነጥሎ ወደ ከተማና ወደ ማዕድን የሚወስደው የሥራ ሥርዓት ቤተ ሰብን እንዳናጋ፣ በሽታውም በዚሁ በር እንደ ገባ አስረዱ። መድኃኒት የግድ አስፈላጊ ቢሆንም ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩበት ሁኔታ ሳይፈጠር ቂጥኝን ማጥፋት እንደማይቻልም አመለከቱ። ካርክ በ1950ዎቹ መጨረሻ አገራቸውን ለቀው ወጡ። ጽሑፋቸው፣ ኤች አይ ቪ ያንኑ መንገድ ተከትሎ ከተሰራጨ በኋላ፣ በ2003 በአንድ ዓለም አቀፍ የኤፒዴሚዮሎጂ መጽሔት እንደገና ታተመ። ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ጽሑፍ እንደ አዲስ መነበቡ ለጸሐፊው ክብር፣ ለምርምሩ ግን ወቀሳ ነው።

ወቀሳ የምንልበት ምክንያት በመካከሉ ሌላ ዓይነት ማብራሪያ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቶ ስለ ነበር ነው። በ1989 ጆን ኮልድዌልና ባልደረቦቻቸው ስለ ኤይድስ ማኅበራዊ ሁኔታ ባወጡት ጽሑፍ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለው አፍሪካ ከአውሮፓና ከእስያ የተለየ የራሱ የወሲብ ሥርዓት አለው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ኬንያዊቷ ምሁር ቤት ማይና አልበርግ በ1994 በሰጡት መልስ ይህ አመለካከት በአፍሪካውያን ዘንድ የነበረውን ጥብቅ የሥነ ምግባር ሥርዓት እንዳላየ፣ ቅኝ አገዛዝና ሚሲዮን ያመጡትንም መናጋት እንደ ዘለፈ የኪኩዩን ምሳሌ ይዘው ተከራከሩ። በእኛ አስተያየት የአልበርግ መልስ ሚዛን ይደፋል፤ የኮልድዌል ማብራሪያ ታሪክ የፈጠረውን ነገር ባሕርይ አድርጎ አቅርቦታልና።

ቀጥለው የመጡት ታላላቅ የመስክ ሙከራዎች ከባህል ክርክር ወጥተው ወደ መድኃኒት ዞሩ። የአባላዘር በሽታ፣ በተለይም ቁስል የሚያስከትለው፣ የኤች አይ ቪን መተላለፍ ስለሚያቀል እነ ጨብጥን፣ እነ ቂጥኝን ማከም ወረርሽኙን ይገታል የሚል ተስፋ ነበር። በታንዛኒያ በምዋንዛ ክልል በ12 ማኅበረሰቦች የተደረገውና በ1995 የታተመው ሙከራ ተስፋውን አጠናከረ፤ የጤና ጣቢያ ሕክምና በተሻሻለባቸው 6 ማኅበረሰቦች አዲስ የሚያዘው ሰው ቁጥር በ40 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። በኡጋንዳ በራካይ ወረዳ በ10 የመንደር ስብስቦች የተደረገውና በ1999 የታተመው ሙከራ ግን በየ10 ወሩ ለሕዝቡ በጅምላ መድኃኒት ቢታደልም በኤች አይ ቪ ላይ ልዩነት አላሳየም። ሊቃውንቱ ይህን ሲያብራሩ ወረርሽኙ በራካይ የቆየና የተስፋፋ መሆኑን፣ እነዚያ መድኃኒቶች የማያድኑት የብልት ኸርፐስ መብዛቱን፣ የሁለቱም ሙከራዎች የሕክምና ስልት መለያየቱን ጠቀሱ። ማብራሪያው ጠንካራ ነው፤ አናጣጥለውም።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። በምዋንዛ ማኅበረሰቦቹ ሲጣመሩ የመንገድ ዳር ከመንገድ ዳር፣ የሐይቅ ዳር ከሐይቅ ዳር፣ ደሴት ከደሴት ጋር እንዲነጻጸር ተደርጓል። ተመራማሪዎቹ መንገዱ በበሽታው ላይ ድርሻ እንዳለው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ዕውቀቱ ግን ያገለገለው ንጽጽሩ እንዳይዛባ ለመጠበቅ ነው፤ መንገዱ ራሱ አልተጠየቀም። ሙከራ ያለ ወሰን አይቻልም የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ እውነትም ነው። ችግሩ የሚመጣው ለስሌት ተብሎ የተሠመረው ወሰን በኋላ በመንግሥታትና በለጋሾች እጅ የኑሮ ወሰን ሆኖ ሲቆጠር ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱም ምክሩም ለመንደሩ ይሰጣል፤ ሰውየውን ከመንደሩ የሚያስወጣው የደመወዝ ሥርዓት ግን ማንም ሳይነካው ይቀራል።

ወሰኑን የተሻገረ ጥናት ምን እንደሚያሳይ የማርክ ሉሪና የባልደረቦቻቸው ሥራ ይመሰክራል። በ2003 በታተመው በዚህ ጥናት ከክዋዙሉ ናታል ገጠር ወደ ካርልተንቪል ማዕድንና ወደ ሪቻርድስ ቤይ ለሥራ የሄዱ ወንዶች በመንደር ከቀሩት የትዳር ጓደኞቻቸው ጋር ተመረመሩ፤ ለንጽጽርም ባሎቻቸው ያልሄዱባቸው ጥንዶች ተጨመሩ። ጥንዶቹ በጠቅላላው 168 ነበሩ። ከሁለቱ አንዳቸው ብቻ ቫይረሱ በተገኘባቸው ጥንዶች መካከል በ71 በመቶ ገደማ የተያዘው ወንዱ ሲሆን በ29 በመቶ ገደማ ሴቲቱ ሆና ተገኘች። «በሽታውን የሚያመጣው ከማዕድን የሚመለሰው ባል ነው» የሚለው የተለመደ አባባል እንግዲህ እውነትነቱ ከፊል ነው። መለያየቱ የሁለቱንም ኑሮ ያናጋል፤ የሄደውንም የቀረችውንም።

በማዕድኑ ጫፍ የሆነውን ደግሞ ካተሪን ካምቤል በ2003 ባሳተሙት፣ ርእሱ «እንዲሞቱ መተው» እንደ ማለት በሆነው መጽሐፋቸው ተርከውታል። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን አካባቢ ኮንዶም ማደልን፣ የአባላዘር ሕክምናንና የእኩዮች ትምህርትን ያጣመረ መርሐ ግብር ተጀምሮ የአባላዘር በሽታን ሳይቀንስ ቀረ። ካምቤል ቀደም ሲል በ1997 ባወጡት ጥናት በየቀኑ ድንጋይ ሊናድበት ወደሚችል ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ከዓመታት በኋላ የሚገድል በሽታን እንዴት እንደሚመዝነው አሳይተው ነበር፤ መጽሐፉም ባለ ማዕድኖቹ ጉዳዩን የሐኪም ሥራ ብቻ አድርገው ማየታቸውን በግልጽ ይተቻል። ብርቱ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ትኩረቱ በከተማው ውስጥ ባሉት ወገኖች ላይ ስለሆነ የሠራተኛው መንደር የሚታየው ከሩቅ ነው። እነ ራካይ መንደሩን ያለ መንገዱ እንዳዩ፣ ይህ ደግሞ መንገዱን ያለ መንደሩ አይቷል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤይድስ ሕሙማን በ1986 ከታወቁ በኋላ በ1988 በ23 ከተሞች በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ሴቶች ተመርምረው ነበር፤ የአገራችን ጥናት ከመነሻው በከተሞች ላይ አተኩሯል። የ2005 አገር አቀፍ ጥናት በከተማ 5.5 በመቶ፣ በገጠር 0.7 በመቶ፣ የ2016ቱ ደግሞ 2.9 እና 0.4 በመቶ አገኘ። የገጠሩ አኃዝ ያጽናናል፤ ነገር ግን አማካይ ነው። ልጁ ሑመራ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደበትን ቤት ማንም ካልሄደበት ቤት ለይቶ አያሳይም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከሆሳዕናና ከዙሪያው፣ ከሐድያና ከከምባታ የተነሡ ብዙ ወጣቶች በየአገሩ ድንበር አልፈው ጆሃንስበርግ ደርሰዋል። በጄፒ ጎዳና ቀድሞ የሐኪሞች ክፍል የነበሩ ፎቆች ዛሬ የእነርሱ ሱቆች ሆነዋል። ይህን ስናነሣ በሽታ ተሸካሚዎች ናቸው ማለታችን ከቶ አይደለም። ስደተኛን በወንጀልና በበሽታ መወንጀል ወዴት እንደሚያደርስ በግንቦት 2008 ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጥቃት አሳይቷል። የምንለው ነገ አንድ ተመራማሪ ወደ ሐድያ መንደር ሲሄድ የሚይዘው መጠይቅ ስለ «ልማድ» ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ጄፒን አያይም፤ ጄፒን ካላየ ደግሞ መንደሩን አላየም።

ስለዚህ ከምርምሩ የምንጠብቀው ግልጽ ነው። ከእያንዳንዱ ቤት ማን እንደ ሄደ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ውልና በማን ደመወዝ እንደ ሄደ ይመዝገብ፤ ሕክምናውና ምርመራው በሁለቱም ጫፍ ይደራጅ፤ በአንዱ ጫፍ መድኃኒት የጀመረ ሰው በሌላው ጫፍ ሳያቋርጥ እንዲያገኝ ይደረግ። በስደት ያለ ምሁር በዚህ ረገድ ከመንገዱ አንዱ ጫፍ ላይ የቆመ ነው፤ የመንደሩን ቋንቋ ያውቃል፤ የስደቱንም ኑሮ ይኖረዋል። ካርክ በ1949 የጠየቁትን ጥያቄ በአማርኛና በሐድይኛ፣ በሆሳዕናና በጄፒ መልሶ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።